ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር

ሰው እህሉን ሳያበጥርና እንክርዳዱን ሳይለቅም ወደ ወፍጮ አይልክም። በዓይኑና በጆሮው የሚገባውን ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ሳያበጥር ይቀበላል።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበረ ከቤት ውዬ ሳለሁ፤ በእናቴ ስልክ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። ይኸውም «ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዱ የበላ ሰው በሽታው አይዘውም፤ ይህን የተናገሩት አንድ ታላቅ ሐኪም ናቸው» የሚል ነበር። እናቴም ለምታውቀው ሰው ሁሉ አስተላለፈችው። አንዲት ጎረቤታችን ነጭ ሽንኩርቱን ከበሉ በኋላ፤ «እንግዲህ እኔን አያገኘኝም» ብለው ብዙ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ለቅሶ ቤት ለመሄድ ተነሡ። አያቴ ግን ከደጅ ጠርተው፤ «ልጄ፤ የሐኪሙ ስም ማን ይባላል? ሲናገሩስ የሰማቸው ማን ነው?» አሏቸው። መልስ የሚሰጥ አልተገኘም።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት፤ ነጭ ሽንኩርት ለጤና የሚስማማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና ለመጠበቁ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ እርማት ላከች። ነገር ግን የመጀመሪያው ወሬ ከእጅዋ ወጥቶ እስከ ወዴት እንደ ደረሰ ልታውቅ አልቻለችም።

የአያቴ ጥያቄ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። እኛም በስልክ፤ በሬዲዮ፤ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ የሚደርሰንን ሁሉ እንደ ምስክር ቆጥረን እንጠይቀው።

1ኛ፤ ተናጋሪው ማን ነው? «አንድ ሐኪም» ወይም «ታማኝ ምንጮች» ማለት ስም አይደለም።

2ኛ፤ ራሱ አይቷል ወይስ ከሌላ ሰምቷል?

3ኛ፤ የተፈጸመው የትና መቼ ነው? የቆየ ፎቶግራፍ የዛሬ ነው ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። በጉግል የምስል መፈለጊያ ቢመረምሩት አስቀድሞ የወጣበት ቦታና ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ዛሬ ድምፅና ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚሠራ፤ «በዓይኔ አየሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

4ኛ፤ ይህን ባምን የሚጠቀመው ማን ነው?

ከዚህም በላይ፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያገኙ ስለ ሆኑ ብዙ ጊዜ እንድንቆይላቸው ይፈልጋሉ። በየትኛው ላይ እንደ ቆየን እየመዘገቡ ያንኑ የመሰለ ያቀርቡልናል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚታየን ነገር ዓይናችንን የያዘው ነው እንጂ የግድ እውነተኛው ወይም የሚጠቅመን አይደለም። ቁጣ ወይም ፍርሃት ያሳደረብንን ወሬ ይልቁንም አሳድረን እንመርምረው፤ ስልካችንንም ከመክፈታችን በፊት «ምን ፈልጌ ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ውድ ጓደኞቼ፤ አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት ወሬ አትስሙ ለማለት አይደለም፤ ስትሰሙ አስቡ ለማለት ነው። ወላጆቻችንም እኛ ልጆቻቸው «ይህን ማን ተናገረው?» ብለን በትሕትና ብንጠይቃቸው እንደ ድፍረት አይቁጠሩብን። በቤታችን ያን ቀን ይህ ጥያቄ ባይነሣ ኖሮ ጎረቤታችን ከለቅሶው ቤት ይገኙ ነበር።