የተበተነ ማስረጃን ማሰባሰብ

የሕክምና ተማሪ ሕመምተኛን ከመንካቱ በፊት በሰው አምሳያ መሣሪያ ላይ ቢለማመድ ይጠቀማልን? የአንድ ጥናት ውጤት የአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አያሳምንም። ስለሆነም ተመራማሪዎች ጥያቄውንና መስፈርቱን አስቀድመው ይወስናሉ፤ ከዚያም ጥናቶችን አስሰው ያጣራሉ፣ ጥራታቸውን ይመዝናሉ፣ ግኝቶቻቸውንም ያዋሕዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የዳሰሳ ጥናት ከ1969 እስከ 2003 ከወጡት 670 ጽሑፎች መስፈርቱን አሟልተው ያገኛቸው 109 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም 51ዱ ለትምህርቱ ስኬት ዋነኛው ነገር ለተማሪው የሚሰጠው ግብረ መልስ መሆኑን ገልጸዋል። ሆኖም ዳሳሾቹ የጥናቶቹ ጥራት በጥቅሉ ደካማ መሆኑን አልሸሸጉም።

ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው ብቻውን እንደማያስተምር ነው፤ ተማሪው ስሕተቱን ማወቅ አለበት። ስሕተቱን በአምሳያው ላይ ካላረመ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነውና።