ስለ ከተማ ወሰን መስፋትና ስለ ነዋሪው ሕዝብ ተቃውሞ

ከተማ እያደገ ሲሄድ ሁለት ነገር ይሻል፤ አንደኛው ቦታ ነው፤ ሁለተኛውም በዚያ ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚይዝ ቤት ነው። ቦታውን ለማግኘት ወሰኑን ወደ ገጠሩ ይገፋል፤ ቤቱንም ለማብዛት ለእርሻ ተመድቦ የነበረውን መሬት ለፎቅ ቤት ይመድባል። እነዚህ ሥራዎች በካርታ ላይ ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ። ዳሩ ግን በካርታው ላይ ባዶ መስሎ የሚታየው ሥፍራ የሰው እርሻ፥ የከብት መሰማሪያና የአባቶች መቃብር ስለሆነ፥ ነገሩ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይህንንም ለማስረዳት የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ጉዳይ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

1ኛ/ ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ይደነግጋል፤ ገበሬውም ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይገልጻል። በአንቀጽ 49 ደግሞ አዲስ አበባ ራስዋን በራስዋ የማስተዳደር ሥልጣን ያላት የፌዴራሉ መንግሥት ርእሰ ከተማ መሆንዋ ተጽፏል። በዚሁ አንቀጽ ከተማዋ በኦሮሚያ ክልል መካከል በመገኘትዋ ክልሉ ልዩ ጥቅም እንዳለው፥ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ተመልክቷል። ይህ ዝርዝር ሳይወሰን ሃያ ዓመት ማለፉ ለኋላው ክርክር አንድ ምክንያት ሆነ።

2ኛ/ የካሣው ስሌት

በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት፥ መሬቱ ለዘለቄታው የተወሰደበት ገበሬ በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት ከሚሰጠው ዋጋ በተጨማሪ፥ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። ለምሳሌ ገቢው በአማካይ በዓመት 12,000 ብር የሆነ ሰው 120,000 ብር ይቀበላል ማለት ነው። ለመሬቱ ለራሱ ግን ዋጋ አይወጣለትም። ያው መሬት ወደ ከተማ ከገባ በኋላ በካሬ ሜትር እየተለካ በሊዝ ጨረታ ሲሰጥ፥ ገበሬው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ የሚከፈል በመሆኑ፥ ንግድ ለማያውቅ ሰው ቶሎ ያልቅበታል፤ ልጆቹም ያለ ርስትና ያለ ሙያ ይቀራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ 15 ከፍ አድርጎ፥ ስሌቱም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ በሆነው ገቢ ላይ እንዲመሠረት ወስኗል።

3ኛ/ ዕቅዱና ተቃውሞው

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች በአንድነት የሚያጠቃልል የተቀናጀ ማስተር ፕላን መዘጋጀቱ ተሰማ። ባለሥልጣኖች ዕቅዱ መንገዱን፥ ውኃውንና ቤቱን በጋራ ለማልማት እንጂ ወሰን ለመለወጥ እንዳልሆነ ገለጹ። ተቃዋሚዎቹ ግን ልማቱ ወሰኑን አስከትሎ እንደሚመጣ፥ ገበሬውም ከመሬቱ፥ ከቋንቋውና ከአስተዳደሩ እንደሚነቀል ተናገሩ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ተቃውሞው በአምቦና በሌሎች ከተሞች ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ እንደገና ተነሥቶ በክልሉ ሁሉ ተስፋፋ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ እንደተሰረዘ ተነገረ፤ ነገር ግን ቅሬታው ከካርታው በላይ ሰፍቶ ስለ ነበር ተቃውሞው አልቆመም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

4ኛ/ የቤት ፈላጊው ጥያቄ

በሌላው ወገን ያለውንም ችግር መመልከት ይገባል። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበው ሕዝብ ከ900 ሺህ በላይ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ በኪራይ ቤት እየኖሩ፥ ከደመወዛቸው በየወሩ እየቆጠቡ ዕጣ የሚጠባበቁ ናቸው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፥ ከነዚህ አንዳንዶቹ በኮዬ ፈጬ በመሠራታቸው በልዩ ልዩ የኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ስለዚህ ዓመታት የቆጠበው ቤት ፈላጊና ከእርሻው የተነሣው ገበሬ፥ ሁለቱም የሚያዝን ምክንያት ያላቸው ሰዎች፥ ፊት ለፊት ቆሙ። ከተማው አስቀድሞ ወሰኑን ከክልሉ ጋር ተስማምቶ ቢሠራ ኖሮ ይህ ግጭት በቀለለ ነበር። በወሰኑ ላይ የስምምነት ውሳኔ የተገለጸው ቤቶቹ ከተሠሩ በኋላ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው።

5ኛ/ ከዚህ የምንማረው

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል። ይሁን እንጂ ካርታው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክር አይባልም። ነዋሪው የሚጠየቀው መስመሩ ከመሰመሩ በፊት መሆን አለበት፤ ጥያቄውም በሚያውቀው ቋንቋ መቅረብ አለበት። ካሣውም የሰውየውን የዛሬ ምርት ብቻ ሳይሆን፥ የልጆቹን መተዳደሪያ ማሰብ ይገባዋል። የአካባቢው ሰውም በበኩሉ ስብሰባ ሲጠራ መገኘት፥ የይዞታውን ወረቀትና የምርቱን መጠን በጽሑፍ መያዝ፥ በግምቱ ቅር ቢለውም በሕጉ በተወሰነው ቀን ውስጥ አቤቱታውን ማቅረብ ይጠቅመዋል። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ እንደሚባለው፥ የመሬትን ነገር ከሥሩ ሳይመረምሩ ፎቅ ማቆም፥ ቤቱን ሳይሆን ጠቡን መገንባት ይሆናል።