ከሰርግ ካሜራ ወደ ዘጋቢ ፊልም ሽልማት

ጎንደር ውስጥ በካሜራ የሚተዳደር ሰው የሥራው ወቅት ይታወቃል። በጥር ጥምቀትና ሰርግ፣ በክረምት መግቢያ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ በመሀል የድርጅቶች ማስታወቂያ። በእጁ ያለው ካሜራ ግን በውጭ አገር ፌስቲቫሎች የሚወዳደር ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የሚያንስ አይደለም። «እኛ መሣሪያ የለንም» የሚለውን ምክንያት ከዚሁ ከጎንደር የወጣ አንድ ፊልም አፍርሶታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጃፓናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ስለ አዝማሪዎችና ላሊበላ ስለሚባሉት ተዘዋዋሪ ዘፋኞች ለማጥናት ጎንደር ሲመላለስ የቆየ፣ አማርኛም የለመደ ሰው ነው። በ2007 «ክፍል 11፣ ኢትዮጵያ ሆቴል» የተባለ 23 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሁለት ልጆችን ይከተላል፤ የተቀረጸው ግን ሙሉ በሙሉ በሆቴል ክፍሉ ውስጥ ነው። ግንብ የለም፣ የተራራ ጫፍ የለም። ልጆቹ ይገባሉ፣ ያወራሉ፣ ይወጣሉ፤ የከተማው ሕይወት ከወሬያቸው ውስጥ ይሰማል። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያን ሰርዲኒያ በተካሄደ የኢትኖግራፊ ፊልም ፌስቲቫል እጅግ አዲስ አቀራረብ ያለው ፊልም ተብሎ ተሸለመ። ዳኞቹ ፊት የቀረበው የሁለት ልጆች አመኔታ ነበር፤ ያ ደግሞ በኪራይ አይገኝም።

በዚያው በ2007 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የዘጋቢ ፊልም ማኅበር በዓመታዊ ሽልማቱ የረጅም ፊልም ቀዳሚነቱን «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ለተባለ ሥራ ሰጠ። ፊልሙ የፌስቱላ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ከገጠር ተነስተው አዲስ አበባ ወዳለው የፌስቱላ ሆስፒታል የሚያደርጉትን ጉዞ ይከተላል። ይህንንም የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። ጎንደር ተወልዶ በ«ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመው ኃይሌ ገሪማ እንኳ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው አሜሪካ ተቀምጦ ነው። የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መሄድ የሚችል የጎንደር ባለሙያ ከዚህ ሜዳ ለምን እንደሚርቅ አይገባኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ርዕስ ላይ ነው። የፋሲልን ግንብ ተዉት። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳም ቢቢሲ በ2006 «ፕላኔት ኧርዝ» ላይ እናንተ በማታገኙት ገንዘብ ቀርጾታል። ነገር ግን ገብሱን ጭላዳ የሚበላበት ገበሬ፣ ከእንግዶች ጋር ሲወጣና ሲወርድ ዕድሜውን የገፋ ስካውት፣ ከግጭ መንደር ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩ ቤተሰቦች አሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ በ2017 ወጣ፤ ለመውጣቱ ከተጠቀሱት እርምጃዎች አንዱ የግጭ ሰዎች መነሳት ነበር። ዜናው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ፊልሙ ግን አንድ ቤተሰብ መርጦ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ ቢሠራ ገና አሁን ይጀምራል።

ሰርግ የለመደ እጅ በዝግታና በሙዚቃ ነገሩን ማሳመር ይወዳል። ዘጋቢ ፊልም ላይ ይህ ልማድ ጠላት ነው። ሰውየው ዝም ሲል ካሜራውን አታጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። ብር ካላችሁ ከአዲስ ሌንስ በፊት ማይክ ግዙ። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን የሚታገሥ የለም። እንደ ጨነቅ ባለ የሰሜን ተራሮች ከፍታ ላይ ነፋሱ ያለ ጸጉራም የማይክ መከለያ ድምፅ አያስቀርጽም፤ ብርዱም ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ከጃኬት ውስጥ፣ ከገላችሁ አስጠግታችሁ ያዙ። ከውጭ እሳት ወዳለበት ጎጆ ስትገቡ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጡ፣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ወረቀቱ አሰልቺ ቢሆንም ፊልም የሚቀበረው እዚያ ነው። ፓርክ ውስጥ ለመቅረጽ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ድሮን ከሆነ ጥያቄው ወደ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ባይኖርም ፊልሙ አይሞትም። ወቅቱ የጸጥታ ጥያቄ ያለበት ስለሆነ ከዞንና ከወረዳ ደብዳቤ ሳትይዙ ገጠር ካሜራ አታውጡ። ከሚቀረጸው ሰው የተፈረመ ፈቃድ ያዙ፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ ስሙንና መስማማቱን ካሜራ ፊት በራሱ አንደበት ይናገር። ለልጆች ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈቅዳል። አዝማሪ ከቀረጻችሁ ለዘፈኑም ለብቻው ተስማሙ፤ የ2004ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከዋኝን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ውድድሩ። ፊልሙ ሲያልቅ ዩቲዩብ ላይ መጫን የሚያጓጓ ነገር ነው፤ አትጫኑ። ብዙ ፌስቲቫሎች ሕዝብ ያየውን ፊልም ለውድድር አይቀበሉም፣ አንዳንዶቹም የመጀመሪያውን ዕይታ ለራሳቸው ይፈልጋሉ። በይለፍ ቃል የተዘጋ ሊንክ ይበቃል። ቅርብ ያለው መነሻ ኢኒሺዬቲቭ አፍሪካ በ2007 የጀመረውና በዘጋቢ ፊልም ላይ ያተኮረው አዲስ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ነው። ከጀመራችሁ በኋላ ለማጠናቀቂያ ገንዘብ ናይሮቢ ያለውን ዶክዩቦክስን ወይም የአምስተርዳሙን የኢድፋ በርታ ፈንድን ጠይቁ። ርዝመትም ይታሰብበት፤ ኦስካር 40 ደቂቃን የአጭርና የረጅም ወሰን አድርጎታል፣ 52 ወይም 55 ደቂቃ ደግሞ ለቴሌቪዥን ይመቻል። የመግቢያ ክፍያው በዶላር ሲሆንባችሁ እንዲቀርላችሁ በጨዋ ደብዳቤ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ይተዉታል። የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ለጓደኛ ውለታ አትተዉ። የጎንደር ገበሬ ቅኔ አዘል ንግግር ባልሠለጠነ እጅ ሲተረጎም መሳቅ የነበረበት ተመልካች ሳቁን ያጣል፣ ዳኛም ሰውየው ቂል ይመስለዋል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ሰው የሚያፍርበት ስለሆነ። ድምፅ የያዘላችሁ ጓደኛ፣ ኤዲት ያደረገችው እህት፣ ካሜራ ያዋሰው ስቱዲዮ ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት በአንድ ገጽ ላይ ይፈርሙ፤ ፊልሙ የማን ነው፣ የማን ስም የት ይጻፋል፣ ሽልማት ብር ይዞ ቢመጣ እንዴት ይከፈላል የሚለውን። ኃይሌ ገሪማ «አድዋ»ን ጨምሮ ሥራዎቹን የሚያከፋፍለው ባለቤትነቱን በእጁ ስላቆየ ነው። ገንዘቡ ሳይመጣ ውል መጻፍ ያሳፍራል፤ ከመጣ በኋላ ግን የሚጽፈው ጠበቃ ነው።