የማሳ አጥፊ እንስሳትን ለመለየት የሚያገለግል የዱካ ካሜራ፦ አመራረጡና አሰቃቀሉ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በቆሎ እሸት ሲይዝና ድንች ሥር ሲያበዛ በጫካና በገደል አጠገብ የሚያርሱ ገበሬዎች እንቅልፍ የላቸውም። ማማ ላይ የሚያድር ጠባቂም ቢሆን የማሳውን ጠርዝ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሊያይ አይችልም። ጧት የወደቀ አገዳ ሲገኝ አንዱ ጃርት ነው፣ ሌላው ከርከሮ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የጎረቤቱን ከብት ይከሳል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንደሚባለው፣ ሳይጣራ በሚሰጥ ፍርድ ምክንያት አጥፊውን የማያግድ አጥር ይታጠራል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መርዝ ይበተናል። መርዝ አጥፊውን ለይቶ አይገድልም። ውሻውን፣ ጥንብ አንሣውን፣ አንዳንድ ጊዜም የራስን ከብት ይጨርሳል፤ ለልጆችም አደገኛ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን፤ መከላከያው ከመመረጡ በፊት አጥፊው ይታወቅ። ለዚህ ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ የዱካ ካሜራ ነው። የዱካ ካሜራ በእንስሳት መተላለፊያ ላይ ተሰቅሎ፣ ሰው ሳይነካው በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ማሳ አይጠብቅም፤ ይመሰክራል እንጂ። ምስክርነቱም የሚረባው በሚገባ ከተመረጠና በትክክለኛው ቦታ ከተሰቀለ ብቻ ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ሺራስ የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ ጠመንጃውን በካሜራ ለውጦ፣ አንዳንዶቹን እንስሳት ራሳቸው በሚጎትቱት ገመድ አማካይነት ሌሊት ያነሣ ነበር፤ ፎቶግራፎቹም በ1906 እ.ኤ.አ. በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጥተዋል። ዛሬ በብዙ አገር አዳኞች የሚያድኑትን እንስሳ መመላለሻና ሰዓት ለማወቅ ይጠቀሙበታል። እኛ የምናቀርበው ግን ለአደን ሳይሆን ለአዝመራ ጥበቃ የሚሆነውን አጠቃቀም ነው።

2. ከካሜራው በፊት ዱካውን መመልከት

ካሜራ ከመገዛቱ ወይም ከመሰቀሉ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከገበሬው ጋር ማሳውን በጧት ይዙር። ብዙ ጊዜ የጥፋቱ ዓይነት ራሱ ይናገራል።

ሀ) ጃርት፦ በሌሊት ይመጣል። አገዳውን ከመሬት አጠገብ በጥርሱ ይቆርጣል፤ ድንችና ስኳር ድንች ቆፍሮ ያወጣል። አንዳንዴ እሾሁን ጥሎ ይሄዳል።

ለ) የዱር አሳማ፦ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊትና በመንጋ ይመጣል። አገዳውን ገፍቶ ይጥላል፤ መሬቱን በአፍንጫው ይገለብጣል።

ሐ) ከርከሮ፦ በአብዛኛው በቀን የሚንቀሳቀስ ሲሆን ሌሊቱን በጉድጓድ ያሳልፋል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ለደረሰ ጥፋት በመጀመሪያ የሚጠረጠር አይደለም።

መ) ዝንጀሮና ጦጣ፦ በቀን ይመጣሉ። የበቆሎውን ራስ ሰብረው ይልጣሉ፤ ቆረቆንዳውንም በማሳው ዳር ጥለው ይሄዳሉ።

ሠ) የቤት ከብት፦ ቅጠሉንና የአገዳውን ጫፍ ይግጣል፤ ኮቴውና እበቱ ይገኛል።

ረ) ፍልፈል፦ ከመሬት በታች ስለሚሠራ በካሜራ አይያዝም። በእንሰት ወይም በድንች ማሳ ውስጥ አዲስ የአፈር ቁልል ከታየ ለካሜራ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ወዲያው ወደ መከላከያው መሄድ ይቻላል። ካሜራ የሚያስፈልገው ምልክቱ ሲደባለቅ፣ ዝናብ ዱካውን ሲያጥበው ወይም በሰዎች መካከል ክርክር ሲነሣ ነው።

3. አመራረጥ

ሻጮች አብዝተው የሚናገሩት ስለ ሜጋፒክስል ነው። ጃርትን ከአሳማ ለመለየት ግን ከ5 እስከ 8 ሜጋፒክስል ይበቃል። ከዚያ ይልቅ የሚከተሉት ይታዩ።

ሀ) ፍጥነት፦ ካሜራው የሚነሣው በፊቱ የሚንቀሳቀስ አካል ሙቀት ከአካባቢው ሙቀት ሲለይ ነው። ሙቀቱ ከተሰማበት ጊዜ አንሥቶ ፎቶግራፉ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ ባይበልጥ ይመረጣል። የዘገየ ካሜራ ጅራት ብቻ ያነሣል።

ለ) የሌሊት ብርሃን፦ ካሜራዎች በሌሊት የሚጠቀሙት ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። 850 ናኖሜትር የሚባለው ዓይነት ርቆ ያበራል፤ ነገር ግን በሚያበራበት ጊዜ ደብዛዛ ቀይ ፍም ይታይበታል። 940 ናኖሜትር የሆነው ፍም አያሳይም፤ የሚያበራበት ርቀት ግን ያጥራል። ለማሳ ጠርዝ፣ በተለይም ስርቆት በሚያሠጋበት ቦታ፣ ሁለተኛው ይሻላል። በሁለቱም የሌሊት ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ እንስሳውን በቀለሙ ሳይሆን በቅርጹ መለየት ያስፈልጋል።

ሐ) ባትሪ ድንጋይ፦ በአቅራቢያ ከተማ በሚገኝ ድንጋይ የሚሠራ ካሜራ ይመረጥ። ብዙዎቹ 8 ትንንሽ ድንጋዮች ይይዛሉ። ሊትየም ዋጋው ውድ ቢሆንም በደጋ ብርድ ይጸናል፤ አልካላይን በብርድ ይደክማል። ቻርጅ የሚደረጉት 1.2 ቮልት ስለሆኑ ካሜራው እንደሚቀበላቸው ከመመሪያው ይረጋገጥ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም።

መ) ዝናብ መከላከያ፦ የመዝጊያው ጎማ ያልተሰነጠቀና በደንብ የሚገጥም ይሁን።

ሠ) ፎቶግራፉን በስልክ መስመር የሚልክ ካሜራ ሲም ካርድ፣ የማያቋርጥ ኔትወርክና ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል። ማሳው በእግር የሚደረስበት ከሆነ ተራው ካሜራ በሚሞሪ ካርድ ይበቃል።

አንድ ገበሬ ብቻውን ከሚገዛ ማኅበሩ አንድ ወይም ሁለት ገዝቶ በየተራ ቢያውል ወጪው ይቀላል።

4. አሰቃቀል

ሀ) ቦታ፦ ካሜራው ሰፊውን ማሳ እንዲያይ መስቀል የተለመደ ስሕተት ነው። የተሰበረው አጥር፣ የተረገጠው መግቢያ ወይም አዲስ የተበላው መስመር ይፈለግ። እንስሳው በዚያ ማለፉ ብቻ አይበቃም፤ መንገደኛም ያልፋል፣ ሌባም ያልፋል። ድኩላ ወይም ጅብ በማሳ ዳር አለፈ ማለት በቆሎውን እርሱ በላ ማለት አይደለም። ስለሆነም ሁለት ካሜራ ካለ አንዱ መግቢያውን፣ ሌላው የሚበላውን ሰብል እንዲያይ ይደረግ።

ለ) ከፍታ፦ ለጃርት ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ ለአሳማና ለዝንጀሮ 50 ሳንቲሜትር ያህል፣ ለከብት ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይሁን። በሰው ደረት ልክ የተሰቀለ ካሜራ ጃርትን በላዩ አሳልፎ ያያል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከካሜራው ጀርባ ትንሽ እንጨት በመሸጎጥ አቅጣጫው ይስተካከላል።

ሐ) ርቀትና አቅጣጫ፦ ከመተላለፊያው ከ3 እስከ 5 ሜትር ይራቅ። ሴንሰሩ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፈውን በደንብ ይሰማል፤ በቀጥታ ወደ እርሱ የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ነው። መተላለፊያውን በትክክል በአግድም ካየ ደግሞ እንስሳው ቶሎ ያመልጣል። ስለዚህ ካሜራው መተላለፊያውን በ45 ዲግሪ ያህል በሰያፍ እንዲያይ ቢደረግ ጥሩ ነው።

መ) ፀሐይ፦ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ ካሜራ በፀሐይ መውጫና መግቢያ ፎቶግራፉ ይበላሻል። በአገራችን በመኸር አዝመራ ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ካሜራውን ወደ ሰሜን ማዞር ይመረጣል።

ሠ) መሠረት፦ በነፋስ የሚወዛወዝ ቀጭን ዛፍ አይሆንም። ዛፍ ከሌለ ወፍራም ካስማ በደንብ ይተከል። በፊቱ ያለው ሣርና የተንጠለጠለ ቅጠል ይታጨድ፤ አለዚያ ፀሐይ የሞቀው ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር ካሜራው በከንቱ ያነሣል፤ ድንጋዩም ካርዱም ያልቃል።

ረ) ሙከራ፦ ተሰቅሎ ከመሄድ በፊት አንድ ሰው እንስሳው ያልፍበታል በተባለው ቦታ ጎንበስ ብሎ ይለፍ። ፎቶግራፉ ታይቶ አቅጣጫው ይታረም።

በቆላ ቀትር ላይ አየሩ እንደ እንስሳው ሰውነት ሲሞቅ ሴንሰሩ ይደክማል። ስለዚህ በቆላ በቀን የሚመጣ ዝንጀሮን ለመያዝ ካሜራ ብቻውን አይታመንም፤ የጠባቂ ዓይን ይጨመርበት።

5. ማዘጋጀትና ሰዓቱን ማንበብ

በአንድ ጊዜ 3 ፎቶግራፍ እንዲያነሣና ከ30 ሴኮንድ እስከ 1 ደቂቃ እንዲያርፍ ይደረግ። ቪዲዮ ድንጋይ ስለሚጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አይመረጥም።

ሰዓቱ በጥንቃቄ ይሞላ። ካሜራው የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ በማኅበር ስብሰባ ላይ ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። አቆጣጠሩን ለመለወጥ፦

ከ0 እስከ 6 ለሚያሳየው 6 ይደመር፤
ከ7 እስከ 18 ለሚያሳየው 6 ይቀነስ፤
ከ19 እስከ 23 ለሚያሳየው 18 ይቀነስ።

ለምሳሌ 02:14 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፤ 17:40 ከቀኑ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

6. ክትትልና መዝገብ

በ3ኛው ቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ይታይ። ወደ ካሜራው በቀትር መሄድና መተላለፊያውን አለመርገጥ ያስፈልጋል። እንስሳው በየሌሊቱ ስለማይመጣ፣ አንዳንዱም የጨረቃ ብርሃንን ስለሚሸሽ፣ ቢያንስ 14 ሌሊት ይቆይ።

በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ብዛቱና የገባበት አቅጣጫ ይጻፍ። ባንድ ጊዜ የተነሡ 3 ፎቶግራፎች ያንኑ እንስሳ ካሳዩ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ፎቶግራፍ አለመገኘቱ እንስሳ አለመምጣቱን አያረጋግጥም፤ ጧት ከሚታየው ዱካና ጥፋት ጋር ይመሳከር።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የበቆሎ ማሳ አጥሩ በአንድ በኩል ተሰብሯል፤ የማሳው ባለቤትም የጎረቤቱን ላም ከሷል እንበል። ካሜራው በመጀመሪያው ሳምንት በ02:14 ሁለት የዱር አሳማዎች በቀዳዳው ሲገቡ ያሳያል። በሁለተኛው ሳምንት በ17:40 የጎረቤቱ ላም በዚያው ቀዳዳ ስትገባ ትታያለች። መዝገቡን በቅደም ተከተል ያላነበበ ላሚቱን ብቻ ይፈርድባታል፤ ጎረቤቱን ብቻ ለማዳን የፈለገም አሳማዎቹን ብቻ ያሳያል። እውነቱ ግን አንድ ቀዳዳ ሁለቱንም ማስገባቱ ነው። ስለዚህ አጥሩን ሁለቱ ገበሬዎች አብረው ቢሠሩ፣ ላሚቱ ማታ ብትታሰር፣ ሌሊቱን ደግሞ በዚያ በኩል ተረኛ ቢጠብቅ ጠቡም ጥፋቱም ይበርዳል።

7. ከተለየ በኋላ

ለጃርት ከሥሩ 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ መሬት የገባ የሽቦ መረብና በማሳ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር ይረዳል። ለዱር አሳማ ቦይና ጥቅጥቅ ያለ የእሾህ አጥር ከተረኛ የሌሊት ጥበቃ ጋር ያስፈልጋል። ዝንጀሮና ጦጣ አጥር ስለሚወጡ የሌሊት ጠባቂ ለእነርሱ ከንቱ ድካም ነው፤ ጉልበቱ ወደ ቀን ይዛወር። ለከብት ጉዳዩ በሽማግሌዎች ይታይ።

የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። የካሜራው ፎቶግራፍ ወጥመድ ለመዘርጋት ወይም መርዝ ለማስቀመጥ እንዳይውል አደራ እንላለን። ጥፋቱ ከማኅበሩ አቅም በላይ ከሆነ መዝገቡና ፎቶግራፎቹ ለወረዳው ይቅረቡ፤ በቀንና በሰዓት የተደገፈ አቤቱታ በቃል ብቻ ከሚቀርብ ይልቅ ይሰማል።

8. ስለ ሰዎች

ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት የት እንደሚሰቀልና ለምን እንደሆነ በስብሰባ ይነገር። ወደ ውኃ መቅጃ፣ ወደ መጸዳጃ ወይም ወደ ሰው ደጅ አይዙር። የሰው ፎቶግራፍ ከተገኘ በስልክ አይላክ፣ በአደባባይም አይታይ፤ ለዚህ የተመረጡ ሰዎች አይተው ይደምስሱት። ጎረቤቱ የሚፈራው ካሜራ ብዙ አይቆይም፤ ወይ ይሰረቃል፣ ወይ ይሰበራል።

9. ማጠቃለያ

ማሳው በጧት ይዞር፤ ጥያቄው ይለይ፤ ካሜራው ጥፋቱ ባለበት፣ በእንስሳው ቁመት ልክ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎ ይሰቀል፤ 14 ሌሊት ይጠበቅ፤ ሰዓቱ ተለውጦ በመዝገብ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ብቻ አጥሩ፣ ጥበቃው ወይም እርቁ ይመረጥ። ከአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ሥራው ሲያበቃ ካሜራውን ለቀጣዩ ተረኛ፣ መዝገቡን ለማኅበሩ ማስረከብ እንዳይዘነጋ።