መልኩ አንድ፣ ፍቺው ሌላ

የሐይቅ ልጅ ነኝና ምሳሌዬን ከቀዬ ልጀምር። «ሐይቅ» በአማርኛ ውኃው ራሱ ነው፤ በግእዝ ግን ዳርቻው ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ከዳር ወደ ውኃው ገባ። «ጊፍት»ም በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ ነው፤ የሁለቱም ሥር ግን «መስጠት» ነው።

«ከልብ»ስ? በግእዝ ውሻ ነው፤ በአማርኛ «ከ» እና «ልብ»። ይሄ ግጥምጥሞሽ እንጂ ዝምድና አይደለም። የእንግሊዝኛው «ማች» እና የስፓኒሹ «ሙቾ»ም ሁለቱም «ብዙ» ማለት ቢሆኑ ሥር መሠረታቸው ለየቅል ነው።

ታዲያ ምን ይጠበስ? አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የብራና መጻሕፍት በግእዝ ናቸው። ሰዎች «በሐይቅ ቆሙ» የሚል ቢያጋጥመንና በአማርኛ ጆሮ ብንሰማው፣ ዳር የቆሙትን ውኃ ውስጥ ከተትናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ቃል ሲመሳሰል መጀመሪያ ሥሩን እንጠይቅ።