በማርስ አፈር ሥር ምን አለ?

ጥያቄ፦ ማርስ ላይ ከመሬት በታች በረዶ አለ ይባላል። ሳይቆፈር እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ ኧረ ተቆፍሯል! እ.ኤ.አ. በ2008 በማርስ ሰሜናዊ ዋልታ አካባቢ ያረፈችው የናሳዋ ፊኒክስ መንኮራኩር በክንዷ አፈሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስትጭር ነጭ ነገር ብቅ አለ። ጠጠር ጠጠር የሚያህሉ ስብርባሪዎቹ በአራት ቀን ውስጥ ድራሻቸው ጠፋ። ጨው ቢሆኑ ኖሮ ባሉበት በቀሩ ነበር፤ የማርስ አየር እጅግ ስስ ስለሆነ ግን በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል። ኋላም መንኮራኩሯ ናሙናውን በትንሿ ምድጃዋ ስታሞቀው የውሃ ተን ወጣው። ለእኔ ወሳኙ ማስረጃ ይኼ ነው።

በ2021 መጨረሻ ደግሞ የሰማይ ድንጋይ ወድቆ በከፈተው ጉድጓድ ዙሪያ ቋጥኝ የሚያህሉ የበረዶ ቁርጥራጮች ታይተዋል፤ ያውም ከዋልታው ርቆ፣ ወደ ምድር ወገቡ ቀረብ ብሎ። ወደፊት ሰው ለማሳረፍ የሚፈለገውም እንዲህ ያለው፣ ቅዝቃዜው ለዘብ ያለ ስፍራ ነው።