«ሌት» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትፈቅዳለችን ወይስ ትከለክላለች?



«ሌት» በእኛ ቋንቋ ጨለማው ነው። በእንግሊዝኛ ግን ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን «ፈቀደ» ማለት ናት ተብለን የያዝናት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ናት። ከእኛ መካከል የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ፥ በተለይም በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የቆየ ትርጉም ከአማርኛው ጋር እያስተያየን የምናነብ አለን። ታዲያ ይህች ትንሽ ቃል በአንዱ ገጽ ደጁን ስትከፍት፥ በሌላው ገጽ ስትዘጋ እናገኛታለን።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5ን እንመልከት። በቁጥር 1 ሙሴና አሮን ፈርዖን ፊት ቀርበው ሕዝቡን እንዲለቅ ይነግሩታል፤ የ1611ዱ እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ «ሌት» ይላል። በቁጥር 4 ደግሞ ንጉሡ ተቆጥቶ ሕዝቡን ስለ ምን ከሥራው ታስተጓጉሉታላችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ አሁንም ቃሉ «ሌት» ነው። በአራት ቁጥር ውስጥ አንዲቱ ቃል መልቀቅም ሆነች፥ ማገድም ሆነች።

እዚህስ ንባቡ እንደ ምንም ያስኬዳል። አደጋው የሚብሰው ሮሜ ምዕራፍ 1 ቁጥር 13 ላይ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮም ለመምጣት ብዙ ጊዜ አስቦ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ተከለከለ ይጽፋል። የቆየው እንግሊዝኛ «ተከለከልሁ» ለማለት የተጠቀመው በዚህችው «ሌት» ነው። የመዝገበ ቃላቱን የመጀመሪያ ፍች ብቻ ይዞ የሚያነብ ተማሪ «ተፈቀደልኝ» ብሎ ይተረጉመዋል። እንግዲህ ሐዋርያው መንገዱ ተከፍቶለት ሳለ የቀረ ቸልተኛ ሊሆን ነው! በ1881 እ.ኤ.አ. የወጣው የታረመው የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን ይህን ቃል አንሥቶ በግልጥ «ታገድሁ» የሚለውን የተካው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩ የመጣው ከጥንት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ልዩ ልዩ ግሶች ነበሩ። አንደኛው «ላታን» ሲሆን መተው፥ መልቀቅ፥ መፍቀድ ማለት ነበር። ሁለተኛው «ሌታን» (ታን አጥብቀን እናንብበው) ማዘግየት፥ ማገድ ማለት ነበር፤ እርሱም «ዘገምተኛ» ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ከዚያው ቃል ዛሬ «ዘገየ» ስንል የምንጠቀምባት «ሌይት» ተወልዳለች። በዘመን ብዛት የሁለቱም መጨረሻ ተቆረጠና በድምፅ አንድ ሆነው ቀሩ። እኛስ «ዋና» ብለን ስንጽፍ፥ ሲላላ መዋኘት፥ ሲጠብቅ ዋነኛ መሆኑን በአፋችን እንለየዋለን። ለእንግሊዞቹ ግን አፍም አይለየው፥ ዓይንም አይለየው።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱልን የሼክስፒር «ሐምሌት» ላይም ይህችው ቃል አለች፤ ልዑሉ የአባቱን መንፈስ እንዳይከተል ወዳጆቹ ሲይዙት፥ «ሌት» የሚያደርገኝን እገድለዋለሁ ብሎ ይዝታል። የሚፈቅድለትን ሊገድል ኖሯልን? ዛሬ የማገድ ፍቺዋ በጥቂት ቦታ ብቻ ተርፏል። በእንግሊዝ ፓስፖርት ውስጥ ባለቤቱ ያለ «ሌት» እንዲያልፍ የሚጠይቅ ቃል አለ። በቴኒስ ጨዋታም የመጀመሪያው ምት መረቡን ነክቶ በትክክለኛው ክልል ቢያርፍ ዳኛው «ሌት» ይላል፥ ምቱም ይደገማል።

ወደ ዛሬው አነጋገር ስንመለስ ትልቁ ሥራዋ ሌላ ነው። አማርኛ «ይምጣ»፥ «ይሁን»፥ «እንሂድ» ለማለት የግሱን መነሻ ብቻ ይለውጣል። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ቅርጽ ስለሌለው «ሌት»ን ከፊት ያቆማል። ስለዚህ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ እግዚአብሔር ብርሃንን ሲፈጥር የምትገኘው «ሌት» የትእዛዝ «ይሁን» ናት እንጂ የፈቃድ ጥያቄ አይደለችም። ፈጣሪ ማንን ያስፈቅዳል? «ሌት አስ ጎው» ግን ሁለት መንገድ አለው፤ ለጓደኞቻችን ስንለው «እንሂድ»፥ በር ለዘጋብን ዘበኛ ስንለው «ልቀቀን»። ባጭሩ «ሌትስ» ከተባለ ግን «እንሂድ» ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን የምንለው «ሌት ሂም ቱ ካም» የሚለው አነጋገርም ትክክል አይደለም፤ «ቱ» ከ«አላው» ጋር ትሄዳለች እንጂ ከ«ሌት» ጋር አትሄድም። በለንደን ከቤት ደጅ «ቱ ሌት» የሚል ሰሌዳ ቢታይ «የሚከራይ» ማለት ነው፤ ይህ ብዙ አያስቸግርም።

«ሌት ዳውን» ግን ያስቸግራል። ዛሬ አንድ ሰው ጓደኞቼ «ሌት ዳውን» አደረጉኝ ቢል፥ ተማምኜባቸው ሳለ በጭንቅ ቀን ከዱኝ ማለቱ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ቁጥር 25 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ጳውሎስን በደማስቆ ቅጥር በኩል በቅርጫት «ሌት ዳውን» አደረጉት። ሊገድሉት በር በር ላይ ይጠብቁት ከነበሩት ሰዎች አሾልከው በገመድ ማውረዳቸው ነው። አዳኞቹን ከዳተኞች አድርጎ የሚያነብ ሰው ምን ያህል ግፍ እንደሚሠራ አስቡት። ያወረዱትም በሌት ነው፤ በእኛው ሌት።

«ሌት አሎን» የምትለዋን ደግሞ ሁለት ቃል አድርገው «ብቻውን ተወው» ብለው የሚተረጉሟት አሉ። እንዲህ የምትሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን በሁለት ነገሮች መካከል ስትገባ የእኛው «ይቅርና» ናት። «መጻፍ ይቅርና ማንበብም አይችልም» ስንል ከባዱን አስቀድመን ቀላሉን እናስከትላለን። እንግሊዝኛው ማንበብ አለመቻሉን አስቀድሞ ተናግሮ «ሌት አሎን» ካለ በኋላ መጻፍን ያነሣል። ስለዚህ ይህችን ስንተረጉም ዓረፍተ ነገሩን ከጅራቱ መጀመር ያስፈልገናል።